ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሳይጎዱትና ሳይጎዳዎት መጠገን፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶችና የጥገና ሱቆች

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ነው። ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ግን ቦርዱ ሳይሆን እላዩ ላይ ያለች የጥፍር ያህል ዕቃ ናት። ድምፅ እያለው ምስል ያጣ ቴሌቪዥን ደግሞ «ስክሪኑ ሞቷል» ተብሎ ጥግ ይቀመጣል፤ ስክሪኑ ደህና ሆኖ የጠፉት ከጀርባው ያሉት መብራቶች ናቸው። ይህ መመሪያ በዋናነት በእነዚህ ሁለት ብልሽቶች ላይ ያተኩራል፤ ሁለቱም ቢጠገኑ የሚያዋጡ ናቸውና። ሌሎቹን ግን በአጭሩ እናልፋቸዋለን።

የምንናገረው የኤልኢዲ መብራት ስላለው ኤልሲዲ ቴሌቪዥን ነው። ከኤልኢዲ በፊት የነበረው፣ ከስክሪኑ ጀርባ ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ያለው ዓይነት፣ ሲነሳ ከ1,000 ቮልት በላይ የሚያመነጭ ኢንቨርተር ስላለው ልምድ የሌለው ሰው አይክፈተው። ፕላዝማም እንደዚሁ።

ከመክፈትዎ በፊት

ለካቻቢቴ አይቸኩሉ። ቴሌቪዥኑን ከዲቫይደሩ ነቅለው በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩትና ይሞክሩት፤ ቀዳዳው የላላ ዲቫይደር ደህና ቴሌቪዥን ሱቅ ድረስ ያስሸክማል። ገመዱ ከቴሌቪዥኑ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ በሌላ ገመድ ይለውጡት። የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ስልክ ካሜራ አዙረው ቁልፉን ይጫኑ፤ ስልኩ ላይ ሐምራዊ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ይሠራል። የአንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ስለሚያጣራው በፊቱ ካሜራም ይሞክሩ። ሪሞቱ እምቢ ካለ ቴሌቪዥኑ አካል ላይ ባለው ቁልፍ ያስነሱት።

ቀጥሎ ምልክቱን በትክክል ይያዙ፤ «አይሠራም» ምልክት አይደለም።

ምንም መብራት የማያሳይ ከሆነ ጉዳዩ ከገመዱ እስከ ፓወር ቦርዱ (የሶኬቱን መብራት ተቀብሎ ለሌሎቹ ቦርዶች የሚያከፋፍለው) ባለው መንገድ ላይ ነው። ቀይ መብራት እያሳየ የማይነሳ ከሆነ የስታንድባይ (ጠፍቶ ሲጠብቅ የሚሠራበት) ቮልቴጁ አለ፤ ጉድለቱ ዋናው መስመር ወይም ሜይን ቦርዱ (ምስሉንና ድምፁን የሚያዘጋጀው) ላይ ነው። መብራቱ ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ካለ ስንት ጊዜ ብልጭ ብሎ እንደሚያርፍ ይቁጠሩ፤ በብዙ ምርቶች ቁጥሩ የብልሽቱ ኮድ ነው። አርማው ላይ ቀርቶ እየዞረ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌር ነው። ምስል ከላይ እስከ ታች በቀጭን መስመር ከተቆረጠ ወይ ጠፍጣፋው ኬብል ላልቷል፣ ወይ ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር የተጣበቀው ቀጭን ፊልም ተላቋል። መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ ነገር ካዩ ግን እዚህ ላይ ያቁሙ። ፓነል (ምስሉ የሚታይበት መስታወት) መግዛት የቴሌቪዥኑን ዋጋ ሊጠጋ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን የሚጠቅመው ለቦርዶቹ ነው።

ድምፅ እያለ ምስል ከሌለ የባትሪ ፍተሻ ያድርጉ። ክፍሉን ያጨልሙ፤ በሪሞቱ ሜኑ ይክፈቱ፤ የስልክዎን ባትሪ ስክሪኑን ሊነካ እስኪል አስጠግተው ጋደም ባለ አቅጣጫ ያብሩ። የሜኑው ፊደላት ደብዘዝ ብለው ከታዩ ፓነሉ ይሠራል፣ የሞተው ባክላይቱ (ከጀርባው ያለው መብራት) ነው። ሲነሳ ምስሉ ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ታይቶ ጥፍት የሚል ከሆነም ያው ነው፤ የመብራቶቹ ድራይቨር (ፍሰት የሚሰጣቸው ክፍል) ጉድለት አይቶ ራሱን ዘግቷል። ምስሉ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ማድላቱ የኤልኢዲዎቹ ፎስፈር ማርጀቱን ያሳያል። እዚህም እዚያም ክብ ነጭ ነጥብ ከበራ ደግሞ ከኤልኢዲው ላይ ሌንሱ ወድቋል።

ሊይዙት የሚገባ ዕቃ

ሁለት ባለመስቀል ካቻቢቴ (ትልቅና ትንሽ)፣ መልቲሜትር፣ ከ40 እስከ 60 ዋት መበየጃ፣ 0.8 ሚሊሜትር የብየዳ እርሳስ፣ ፍለክስ፣ ብየዳ የሚመጥ የመዳብ ጥልፍ፣ አሮጌ የስልክ ካርድ ወይም የጊታር መምቻ (የክዳኑን ጥርስ ለማላቀቅ)፣ ንጹሕ የጥጥ ጓንት። የብሎን ማስቀመጫ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል፤ ግን ለእያንዳንዱ ቦታ ብሎን የተለየ ብርጭቆ።

ሁለት ነገሮችን ራስዎ ይሥሩ። የመጀመሪያው ካፓሲተር ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ማራገፊያ ነው፦ 2.2 ኪሎ ኦም 10 ዋት ሬዚስተር ወስደው በሁለት ጫፉ በደንብ የተሸፈነ ሽቦና የመልቲሜትር ዓይነት መንኪያ ይበይዱለት፤ የብየዳውን ቦታ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፍኑት። ሁለተኛው መፈተሻ አምፖል ነው፦ ከሶኬት የሚመጣውን አንዱን ሽቦ ቆርጠው 100 ዋት ባለክር አምፖል መሃሉ ላይ ያስገቡ፤ ቴሌቪዥኑ የሚሰካው ከአምፖሉ ቀጥሎ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዛሬ ባለክር አምፖል ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ እየሆነ ስለሆነ አንድ ሁለት ካገኙ ያስቀምጡት።

ርካሿ ቢጫ መልቲሜትር ለዳዮድና ለዝቅተኛ ቮልት ትበቃለች። ለ300 ቮልት ግን መንኪያዎቿን ይመርምሩ፤ የተሰነጠቀ ወይም ከእጀታው የሚንሸራተት ሽቦ ካላት መንኪያውን በደህና ይለውጡት። መንኪያዎቹ የአምፔር ቀዳዳ ላይ ተሰክተው ቮልት መለካት ሾርት ማድረግ (ሁለቱን መስመሮች በቀጥታ ማገናኘት) ማለት ነው፤ በየጊዜው ቀዳዳውን ይዩ።

አደጋው የት ነው ያለው

220 ቮልቱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንደገባ በዳዮዶች ይቀናና 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይሆናል። ፒኤፍሲ የሚባለው ክፍል ያላቸው ተለቅ ያሉ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ወደ 380–400 ያወጡታል። ይህ ቮልት የሚጠራቀመው ፓወር ቦርዱ ላይ ባለው ትልቁ ካፓሲተር ነው፤ እላዩ ላይ 400 ወይም 450 ቮልት የሚል ያነቡበታል።

ገመዱን ነቅለው ወዲያው መንካት የማይቻለው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሚታለፍ ነገር አለ፦ ጤነኛ ቴሌቪዥን ገመዱ ሲነቀል ቀሪውን ቻርጅ ራሱ ይበላዋል፣ የተበላሸው ግን የሚበላለት ስለሌለ ይዞት ይቆያል። ሊጠገን የመጣ ቴሌቪዥን ከሚሠራው ይልቅ አደገኛ ነው ማለት ነው። «ትናንት ነው የተነቀለው» የሚለውን አይመኑ፤ ይለኩ።

አለካኩ እንዲህ ነው። መልቲሜትሩን የዲሲ 600 ወይም 1000 ቮልት ላይ ያድርጉ፤ መጀመሪያ የሚታወቅ ነገር፣ ለምሳሌ ባትሪ፣ ለክተው መሥራቱን ያረጋግጡ። ከዚያ የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች ይለኩ። ከ20 ቮልት በላይ ካነበቡ ማራገፊያውን ሁለቱ እግሮች ላይ ለ5 ሰከንድ ይያዙ፤ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በዚህ ሬዚስተር ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይራገፋል። እንደገና ይለኩ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ትንሽ ቮልት ተመልሶ መታየቱ የካፓሲተር ጠባይ ነው፤ ይድገሙት። በካቻቢቴ ማገናኘት ግን ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ያቀልጣል፣ ደህናውን ትራንዚስተርም አብሮ ይገድላል። ብዙ ሱቅ ውስጥ የሚደረግ መሆኑ ትክክል አያደርገውም።

መብራት እንዳለ መለካት ግድ ሲሆን አንድ እጅዎ ከጀርባዎ ይሁን፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፣ ጫማዎ ደረቅ ይሁን። ብሬከሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። ሁለት እግር ያለው ሶኬታችን ተገልብጦም ስለሚሰካ ፌዙ በየትኛው ሽቦ እንደሚገባ አይታወቅም፤ ስለዚህ በማጥፊያ ማጥፋት አይበቃም፣ መንቀል ነው።

የዲሹን ገመድ ሲነኩ ጣት የሚነዝረውም ምክንያት አለው። በፓወር ቦርዱ ሙቅ ወገን (ከሶኬቱ ጋር በቀጥታ የተገናኘው) እና ቀዝቃዛ ወገን (ዝቅተኛው ቮልት የሚወጣበት) መካከል ያለች ትንሽ ካፓሲተር ጥቂት ፍሰት ወደ ሻሲው (ብረት አካሉ) ታሳልፋለች፤ የምድር ሽቦ ስለሌለ የሚወጣበት አጥቶ ነው በሰው በኩል የሚያልፈው። ሰውን ባይገድልም የኤችዲኤምአይ መግቢያን ይገድላል። ሪሲቨርና ቴሌቪዥን ሲያገናኙ ሁለቱንም ከሶኬት ነቅለው ያገናኙ።

መክፈት

ከቴሌቪዥኑ የሚበልጥ ስፋት ያለው ጠረጴዛ ላይ የታጠፈ ጋቢ ያንጥፉ። ጋቢ የምንለው ጥጥ ስለሆነ ነው፤ የናይሎን ብርድ ልብስ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር የሚያጠራቅመው ስታቲክ ሜይን ቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። ቦርድ ከመንካትዎ በፊትም የቴሌቪዥኑን ብረት አካል በእጅዎ ይንኩ። ከጋቢው ሥር ቁልፍም ብሎንም አለመቅረቱን በመዳፍዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። ከ43 ኢንች ጀምሮ ሁለት ሰው ይያዘው፤ የሚያዘው ከጠርዙ ፍሬም እንጂ ከስክሪኑ መሃል አይደለም።

መቆሚያ እግሩን ይፍቱ፣ የጀርባ ክዳኑን ብሎኖች ያውጡ። ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ መመለስ ከሥር ያለውን ሊበሳ ይችላል። ብሎኖቹ አልቀው ክዳኑ እምቢ ካለ የቀረ ብሎን አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በተለጣፊ ወረቀት ሥር ወይም በገመድ መግቢያው አጠገብ ተደብቆ ይገኛል። ጥርሶቹን በካርዱ እያላቀቁ ከላይ ወደ ታች ይሂዱ፤ ክዳኑን ትንሽ ከፍ አድርገው የስፒከር ወይም የቁልፍ ሽቦ አለመያዙን ይዩ። ከዚያ ወዲያው፣ ምንም ሳይነኩ፣ ሙሉውን ውስጡን በስልክ ፎቶ ያንሱ። እያንዳንዱን ሶኬትም ቀረብ አድርገው ያንሱ።

ፓወር ቦርዱ

በጣም የበዛው ሥራ እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። መጀመሪያ በዓይን፦ ራሱ ያበጠ ካፓሲተር፣ የጠቆረ ቦታ፣ የተሰነጠቀ ክብ ዕቃ፣ የበረሮ ወይም የጉንዳን ሬሳ። ትንኝም ሳትቀር እርጥበት ሲነካት መስመር ታገናኛለች።

ካራገፉ በኋላ ፊውዙን ይለኩ። አብዛኛውን ጊዜ 3.15፣ 4 ወይም 5 አምፔር፣ 250 ቮልት፣ ቀስ ብሎ የሚቆረጥ ዓይነት ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ ብዙ ነገር ተረፈ። ከተቆረጠ መስታወቱን ይዩ፦ ውስጡ ጠቁሮ ወይም እንደ ፊት መመልከቻ መስታወት አብርቶ ከሆነ ከባድ ሾርት አለ፤ ክሩ ብቻ ተበጥሶ መስታወቱ ጥርት ብሎ ከሆነ የአንድ ጊዜ ምት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም መንገድ መንስኤውን ሳያገኙ ፊውዝ አይለውጡ። ፊውዙን በሽቦ መቀጠል ደግሞ ቀጣዩን ፊውዝ ቦርዱን ራሱን ማድረግ ነው።

ፍለጋው ከመግቢያው ወደ ውስጥ ይሄዳል፦

1. ቫሪስተር። ሳንቲም የምታክል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ 471 የሚል ቁጥር ያለባት ናት፤ 470 ቮልት ማለት ነው። መብራት ከፍ ብሎ ሲመጣ ራሷን ሾርት አድርጋ ፊውዙን የምታስቆርጠው እሷ ናት። ጠቁራ ወይም ተሰንጥቃ ከሆነ ይንቀሏት። ያለ እሷ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፤ ለሙከራ ይሁን እንጂ ሳይተኩ አያስረክቡ፣ ቀጣዩን ምት የሚቀበል አይኖርም።

2. ዳዮዶቹ። አራት ነጠላ ዳዮዶች ወይም አንድ አራት እግር ያለው ድልድይ። በመልቲሜትሩ ዳዮድ ሞድ በአንድ አቅጣጫ ከ0.45 እስከ 0.6፣ በሌላው ምንም ማንበብ አለበት። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ ካነበበ ሾርት ነው።

3. ሞስፌቱ። በብረት ማቀዝቀዣ ላይ የተጣበቀው ባለሦስት እግር ትራንዚስተር ነው። መሃለኛውና ሦስተኛው እግር መካከል መልቲሜትሩ ጩኸት ካሰማ አልቋል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ሞስፌቱን ብቻ ቀይሮ ማስነሳት ነው። ሞስፌት ሲሞት ከሥሩ ያለውን ከ1 ኦም በታች የሆነ የፍሰት መለኪያ ሬዚስተር፣ ብዙ ጊዜም የሚነዳውን አይሲ (ቺፕ) ይዞ ይሄዳል። ሬዚስተሩ ክፍት ከሆነ በዚያው ዋጋ ይተኩ፤ በሽቦ አይተኩት። አይሲውን ሳይመረምሩ የገባው አዲስ ሞስፌት በአንድ ብልጭታ ይሄዳል።

4. በመግቢያው ያለችው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ክብ ሬዚስተር። ስትቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኦም አካባቢ ታነባለች። ተሰንጥቃ ክፍት ስትሆን ፊውዙ ደህና ሆኖ 310 ቮልቱ ይጠፋል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ደህና ቦርድ ተጥሏል።

ከተኩ በኋላ በመፈተሻ አምፖሉ በኩል ይስኩት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ካፓሲተሩ ተሞልቶ ቦርዱ ተቀብሎታል። ደምቆ ከቀረ አሁንም ሾርት አለ፤ ይንቀሉ፣ ያራግፉ፣ ወደ ፍተሻው ይመለሱ። የአምፖሉ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምንም አልተቃጠለም። ስታንድባዩ በትክክል ከሠራ አምፖሉን ያውጡትና በቀጥታ ይስኩ፤ ሙሉ ጭነት ላይ አምፖሉ ቮልቱን ስለሚጥለው ደህና ቴሌቪዥን እያጠፋ እያነሳ ሊያሳስትዎ ይችላል።

አሁን ቮልቱን ይለኩ። የሙቁን ወገን ሲለኩ ጥቁሩ መንኪያ ትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ እግር ላይ ይቀመጣል፤ የቀዝቃዛውን ወገን ሲለኩ ብረቱ አካል ላይ። ሁለቱን ማደባለቅ ትርጉም የሌለው ንባብ ይሰጣል። ትልቁ ካፓሲተር ላይ 300 እስከ 320 ይጠበቃል፤ ፒኤፍሲ ባላቸው ሲነሱ 380–400። በውጤቱ ወገን የስታንድባይ 5 ቮልት (በአንዳንዱ 3.3፣ በብዙ አዳዲሶች በቀጥታ 12)፣ ሲነሳ ደግሞ 12 እና በቆዩት 24 ቮልት። ስማቸው በአብዛኛው ከሶኬቱ አጠገብ ታትሟል።

5 ቮልቱ ከ2 እስከ 4 እየተወዛወዘ ከሆነ ወደ ሜይን ቦርድ የሚሄደውን ሶኬት ይንቀሉ፤ ከተስተካከለ ሜይን ቦርዱ እየጎተተው ነው፣ ካልተስተካከለ በውጤቱ ወገን ያሉት ካፓሲተሮች ደርቀዋል። የሚተካው ካፓሲተር ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ 105 ዲግሪ የሚል መሆን አለበት፤ 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት በ1000 ማይክሮፋራድ 16 ወይም 25 ቮልት ይተካል። ያላበጠ ካፓሲተር ደህና ነው ማለት አይደለም፤ አንዱ ካበጠ በዚያው መስመር ያሉትን በሙሉ ይለውጡ። ነጩ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው። አሮጌውን ካፓሲተር ብየዳው ሳይለቅ ጎትተው ካወጡት የቦርዱን መዳብ ይዞ ይመጣል።

ስለ ቦታው ከፍታ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በቻይና የተሠሩ አንዳንድ ዕቃዎች ጀርባ ላይ ተራራ ተሥሎ ሥሩ 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ ዕቃው የተሠራው ከዚያ ከፍታ በታች ለመጠቀም ነው ማለት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከመስመሩ በታች ናት፤ ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ነች። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙም፣ በሁለት መዳቦች መካከል ፍንጣሪን የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። ይህ ማለት ደሴ ላይ ቴሌቪዥን አይሠራም አይደለም። ይልቅስ በሙቁና በቀዝቃዛው ወገን መካከል ያለውን ክፍተት በብየዳ፣ በፍለክስ ቅሪትና በአቧራ አያጥብቡት ማለት ነው። ብየዳ ካለቀ በኋላ ቦታውን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ያጥቡ፣ ይድረቅ፤ ከቦርዱ ሥር የነበረችውን የፕላስቲክ ሉህም ወደ ቦታዋ ይመልሱ። «ትርፍ ናት» ተብላ የምትጣለው ይህች ሉህ ቦርዱን ከብረቱ የምትለይ ናት።

ባክላይቱን መለወጥ

ኤልኢዲዎቹ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ እንደ ዓመት በዓል መብራት አንዷ ስትቋረጥ መስመሩ በሙሉ ይጠፋል። ለምሳሌ 3 ስትሪፕ (ኤልኢዲዎቹ የተደረደሩበት ቀጭን ዘንግ) ያለው፣ በእያንዳንዱ 6 ኤልኢዲ፣ እያንዳንዷ 3 ቮልት ከሆነች ድምሩ 54 ቮልት ነው፤ የ6 ቮልት ዓይነት ከሆነች 108። ይህ ቮልት ሰው ይይዛል። የስትሪፕ መፈተሻ መሣሪያውም እስከ 300 ቮልት ስለሚያወጣ ጫፎቹን በእጅ አይንኩ።

ስክሪኑን ሳይፈቱ ድራይቨሩን ከስትሪፑ ይለዩ። የኤልኢዲውን ሶኬት ነቅለው በስትሪፕ መፈተሻው ያብሩ፤ ከበራ ጥፋቱ ድራይቨሩ ላይ ነው፣ ስክሪኑን መፍታት አያስፈልግም። ካልበራ መፍታት ግድ ነው።

ቴሌቪዥን በጠጋኝ እጅ የሚሞትበት ደረጃ ይህ ነው። ፓነሉ ቀጭን መስታወት ነው፤ ከጠርዙ ጋር የሚያያዙት ቡናማ ፊልሞች ደግሞ ከታጠፉ ወይም ከተጎተቱ አይጠገኑም። እጅዎን ይታጠቡ፣ ጓንት ያድርጉ፣ አቧራ የሌለበት ክፍል ይምረጡ። አሸዋ በሚያነሳ ነፋስ ቀን በሩን ዘግተው ይሥሩ።

ቲኮን ቦርዱ (ምስሉን ከሜይን ቦርዱ ተቀብሎ ለፓነሉ የሚያስተላልፈው) ጠፍጣፋ ኬብል ካለው መቆለፊያውን ከፍተው ይንቀሉ። ከፓነሉ ጋር የተያያዙትን ረጃጅም ቀጭን ቦርዶች ከሻሲው ያላቁ፤ ቴሌቪዥኑን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ይገልብጡ፤ ፍሬሙን ዙሪያውን ያውጡ። ፓነሉን በሁለት ሰው፣ ከሁለቱ አጭር ጎኖች፣ ቀጥ ብሎ ሳይጠማዘዝ ያንሱት፤ ቀጭኖቹ ቦርዶች አብረው በእጅ ይያዙ፣ እንዲንጠለጠሉ አይተዉአቸው። ማንሻ ጎማ ካለ ይረዳል። ንጹሕ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያስቀምጡት፤ ግድግዳ ላይ አያስደግፉ።

ከሥሩ ቀጫጭን ነጭና አንጸባራቂ ሉሆች አሉ፣ ከዚያ ወፍራሙ ነጭ። ቅደም ተከተላቸውና ፊታቸው ከተዛባ ምስሉ ይጠቁራል ወይም ይሸራረፋል፤ እንደተደራረቡ በአንድ ላይ አንስተው አንዱ ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። በመጨረሻ ነጩን አንጸባራቂ ወረቀት ሲያነሱ ስትሪፖቹ ይታያሉ። እያንዳንዷን ኤልኢዲ በተናጠል ይፈትሹ፤ የሞተችው ብዙ ጊዜ መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት።

አንዷን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። ሌሎቹም ያንኑ ያህል ሰዓት በዚያው ሙቀት ስለኖሩ በቅርብ ጊዜ ሌላዋ ትሄዳለች፣ ፓነሉን ደግመው ለማንሳት ይገደዳሉ። ሙሉውን ስብስብ ይቀይሩ። ሲገዙ የቴሌቪዥኑን ሞዴል ብቻ ሳይሆን ስትሪፑ ላይ የታተመውን ቁጥር፣ የኤልኢዲዎቹን ብዛት፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ ርዝመቱን በሚሊሜትር፣ ቮልቱንና የሶኬቱን ቅርጽ ይዘው ይሂዱ። አሮጌውን ራሱን መውሰድ ከሁሉ ይሻላል። ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ካጡት ፎቶውን ወደ መርካቶ ልከው ማስመጣት ነው፤ «ይሄም ይሆናል» የሚባለውን 3 ቮልት በ6 ቮልት ቦታ አይቀበሉ።

አሮጌውን ሲያነሱ ማጣበቂያው ስለሚይዝ በጸጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቀው በካርድ ያንሱ። የሻሲውን ወለል በአልኮል ያጽዱና አዲሱን ተጭነው ይለጥፉ፤ ስትሪፑ ከብረቱ ጋር ካልተጣበቀ ሙቀቱን የሚያወርድበት የለውም። ሌንሶቹን በጣት አይግፉ። ከመዝጋትዎ በፊት ሁሉንም ያብሩ።

አዲሱ እንዲቆይ ፍሰቱን ይቀንሱ። ቀላሉ መንገድ ሜኑ ውስጥ ባክላይት የሚለውን ከ100 ወደ 60 ማውረድ ነው፤ ለሳሎን ይበቃል። ቦርዱን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ በድራይቨሩ መውጫ ጎን ለጎን ከተቀመጡት የፍሰት መለኪያ ሬዚስተሮች አንዱን ማንሳት ይቻላል፤ እኩል ዋጋ ያላቸው አራት ከሆኑ አንዱ ሲነሳ ፍሰቱ በ25 በመቶ ይቀንሳል። ምስሉ ብዙም ሳይደበዝዝ ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል። ከዚያ በላይ አይቀንሱ።

የቀሩት ቦርዶች

ለመስመርና ለተዛባ ቀለም መጀመሪያ ጠፍጣፋውን ኬብል ነቅለው ጫፉን በአልኮል አጽድተው ይመልሱ። ቲኮኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊውዝ ይለኩ፤ በአንዱ ጎኗ 12 ቮልት (በአንዳንዱ 5) ኖሮ በሌላው ከሌለ ተቆርጣለች። መስመሩ ጠርዙን ሲጫኑት የሚጠፋ፣ ሲለቁት የሚመለስ ከሆነ የፊልሙ ማጣበቂያ ነው፤ ልዩ ማሽን ይፈልጋል፣ ወረቀት አጣጥፎ ማስደገፍ ለሳምንት ነው።

አርማ ላይ ለቆመ ቴሌቪዥን ሶፍትዌሩን በፋት 32 በተዘጋጀ ፍላሽ መጫን ይቻላል። ፋይሉ የሚመረጠው በቴሌቪዥኑ ስም ሳይሆን በሜይን ቦርዱ ቁጥርና በፓነሉ ቁጥር ነው። ያልገጠመ ፋይል ምስሉን ይገለብጣል፣ ወይም ጭራሹን አያነሳውም። በጭነቱ መሃል መብራት ከሄደ ቦርዱ በፕሮግራመር ካልሆነ አይመለስም፤ በዚህ ምክንያት መብራት በሚመላለስበት ቀን አይጀምሩት።

መዝጋትና ማስረከብ

ክዳኑን ሳይዘጉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያሠሩት። ነቅለው፣ የመሰኪያውን ሁለት እግሮች አንድ ላይ አገናኝተው በአንቴና መግቢያው ብረትና በእነሱ መካከል በሜጋ ኦም ይለኩ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ አያስረክቡ፣ ሙቁ ወገን ከሻሲው ጋር ተገናኝቷል። ብሎኖቹን በእጅ ጀምረው ያስገቡ፤ ፕላስቲክ ጥርስ አንዴ ከተላጨ አይመለስም።

ቤት ሲመለስ

መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑን ይንቀሉ፤ ሲመለስ 5 ደቂቃ ያህል ታግሠው ይሰኩ። የሚጎዳው በአብዛኛው መመለሻው ላይ የሚመጣው ምት ነው። መዘግየት ያለው የቴሌቪዥን መከላከያ ይህን በራሱ ይሠራል። በብየዳ ቤት ወይም በወፍጮ መስመር ላይ ያለ ቤት ግን ቮልቱ የሚወርድ የሚወጣ ስለሆነ ስታብላይዘር ይጠቅመዋል። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬቱ ጋር የዲሹንም ገመድ ይንቀሉ፤ መብረቅ በዚያም ይገባል።

ቴሌቪዥን ላይ የሚጣለው ዳንቴል የጀርባውን አየር ቀዳዳ አይሸፍን፤ ከግድግዳውም 10 ሴንቲሜትር ይራቅ። ከሰል የሚቀጣጠልበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት ከሆነ ጥላሸቱ ከአቧራው ጋር ቦርዱ ላይ ስለሚጋገር በዓመት አንዴ ክዳኑን ከፍቶ፣ ካፓሲተሩን አራግፎ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነው።

ከደሴ ጉም ወጥቶ በሀረጎ ቁልቁለት ወርዶ ሞቃቷ ኮምቦልቻ የገባ ቴሌቪዥን ውስጡ ሊያልበው ይችላል፤ የቀዘቀዘ ቦርድ ላይ ሞቃት አየር ጤዛ ይሠራል። ሳይሰኩ ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆዩት። መኪና ላይ ሲጫን ይቁም እንጂ አይተኛ፤ የስክሪኑ ፊት ወደ መቀመጫው ጀርባ ዞሮ፣ መሃሉን የሚጫን ነገር ሳይኖር፣ በሁለቱም ጎን በብርድ ልብስ ይደገፍ።